መንገድ የማይጠይቁት ዶን አርኑልፎ

በየቤተሰቡ መንገድ የማይጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ድልድይ ቢፈርስ፣ ወንዝ ቢሞላ፣ ከተማው ተነስቶ ሌላ ቦታ ቢተከል እሱ ግድ የለውም፤ መንገዱን ያውቀዋል። ከመኪና ወርዶ «በየት በኩል ነው?» ብሎ ከመጠየቅ መኪናዋን ገደል ቢከታት ይመርጣል። ገደል ውስጥ ሆኖም «ድሮም በዚህ በኩል ላልፍ አስቤ ነበር» ይላል።

የእኛ ቤት ድርሻ ክቡር ዶን አርኑልፎ ፔርዶሞ ናቸው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የሩዝ ወፍጮ ቤት ጭነት መኪና ነድተው በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጥተዋል። የምንኖረው ማግዳሌና ወንዝ ዳር፣ ቪያቪዬሃ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የእኛ አገር ሰው ጉዳይ ካልያዘው ከጎረቤት ከተማ ከኔይቫ ወዲያ ስለማይሄድ ዶን አርኑልፎ እንደ ዓለም ዟሪ ነው የሚታዩት። ከወንዙ ምንጭ እስከ ባሕሩ የማያውቁት መታጠፊያ የለም ይባላል። ይባላል ስል፣ የሚሉት እሳቸው ናቸው። «ይሄን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው» ይላሉ። አብሯቸው የሄደ ሰው ደግሞ በእርግጥም ጨፍነው እንደሚነዱ ይመሰክራል።

የጉዞው ነገር የመጣው ከአማቴ ከዶኛ ኤቬልያ ነው። ዶኛ ኤቬልያ ባላቸው ገና በወጣትነቱ ሲሞትባቸው አምስት ልጆች ያሳደጉት ወንዝ ዳር የሰው ልብስ እያጠቡ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ሰማንያ አራት ዓመት በሞላቸው ቀን ልጆቹ ተሰብስበው «ምን እንስጥሽ?» ሲሏቸው ኬኩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ «ወንዙን ከላይ እስከ ታች አሳዩኝ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የማውቀው። ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ ሳላይ አልሞትም።»

አምስቱም ልጆች «እንዴታ» አሉ። ወር ሳይሞላ አንዷ ወገቧን አመማት፤ አንዱ ጣሪያ ሊያድስ ሆነ፤ ቦጎታ ያለችው ስልኳን ዘጋች፤ ባለቤቴ ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው አጣ። በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ መኪናቸውን አጥበው፣ የኋላውን ወንበር ትራስ ደርድረውበት፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው የቆሙት ዶን አርኑልፎ ብቻ ነበሩ። እኔ አማቴን እንድደግፍ ተመደብኩ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ሰበብ ቶሎ አይመጣልኝም።

«ካርታ ልያዝ?» አልኳቸው።

«ካርታ መንገድ ለማያውቅ ሰው ነው፣ ኖራልባ። ግቢ።»

ምንጩ ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ላይ ነው። የመኪና መንገዱ ባለቀበት መንደር አንዲት ፈረስ አከራይ ሦስት ፈረስ ጭና ሰጠችንና «ወንድሜ ይምራችሁ፤ ጉም ሲወርድ መንገዱ ይጠፋል» አለችን።

ዶን አርኑልፎ ፈገግ አሉ። ይቺን ፈገግታ ለሕፃናትና ለመንገድ መሪዎች ብቻ ነው የሚያወጧት። «ወንድምሽ ይረፍ» አሏት።

ጉሙ ወረደ። ሁለት ሰዓት ከሄድን በኋላ አንድ ሐይቅ ዳር ደረስን። ዶን አርኑልፎ ከፈረስ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ንግግር አደረጉ። ስለ ወንዙ፣ ስለ አያቶቻችን፣ ስለ እናታቸው ጉልበት ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ንግግር ነበር፤ እንባ አቅርሬያለሁ። በመሃል ድንች በበቅሎ የጫነ ሰውዬ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠና በትሕትና ጠየቀ።

«ማግዳሌናን ነው የምትፈልጉት?»

«አግኝተነዋል» አሉ ዶን አርኑልፎ።

«እሱ እንኳ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ነው፣ ጌታዬ። ይሄኛው ውሃ በወዲያ በኩል ወርዶ አማዞን ነው የሚገባው።»

ዶኛ ኤቬልያ ፈረሳቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ግድ የለም፤ እሱንም ተዋወቅነው» አሉ።

ሰውዬው ሊያሳየን ዞረ። ዶን አርኑልፎ ግን በሕይወታቸው ተመርተው አያውቁም። ከበቅሎዋ ሁለት እርምጃ ቀድመው መጋለብ ጀመሩ። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር አንገታቸውን ዘወር አድርገው በቅሎዋ ወዴት እንዳዘነበለች ያያሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «በዚህ በኩል» ብለው ያዝዙናል። ሰውዬው አንዴ አየኝና ሳቁን ሊደብቅ በለበሰው ወፍራም ካባ አፉን ሸፈነ።

እውነተኛው ሐይቅ ከመጀመሪያው ያንሳል። ከእሱ የሚወጣው ውሃ ደግሞ አንድ እርምጃ አይሞላም። ዶኛ ኤቬልያን ደግፈን አወረድናቸው። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ማዶ አድርገው ቆሙና ቁልቁል ተመለከቱት።

«ጉልበቴን የጨረሰው ይሄ ነው?» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንደሚያውቁት ሰው በጣታቸው ነካ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። የገዛ ከተማችንን በጎን አልፈን ወደ ሰሜን ወረድን። ቶሊማ የሚባለው ክፍለ ሀገር ስንደርስ ዶን አርኑልፎ «አቋራጭ አለ» አሉ። አቋራጩ ሩዝ እርሻ ውስጥ አስገባን። በመስኖ ቦይና በመስኖ ቦይ መካከል ሦስት ሰዓት ዞርን። በየሩብ ሰዓቱ «ትንሽ ነው የቀረን» ይላሉ። አንድ ጎማችን ሲሰምጥ የእርሻው ባለቤት ከነሚስቱ መጥተው በትራክተር አወጡን፤ አዘኑልንና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ የበቆሎ ታማል አበሉን። ሚስትየዋ ለዶኛ ኤቬልያ እግር መታጠቢያ ለብ ያለ ውሃ አመጣች።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ዶን አርኑልፎ ጢማቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ለዚህ ነው በዚህ በኩል ያመጣኋችሁ» አሉ። «በዋናው መንገድ እንዲህ ያለ ምሳ የለም።»

ኦንዳ የደረስነው ዓሣው ወንዙን ሽቅብ በሚወጣበት ሰሞን ነው፤ ከተማው በሙሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዶን አርኑልፎ ሾፌሮች ድሮ ያርፉበት ወደነበረ ምግብ ቤት ወሰዱን። ባለቤቷ ዶኛ ሲክስታ ትባላለች፤ እሳቸውን ስታይ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጉንጫቸውን ሳመች። እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስገባ ተከተለችኝ።

«ጠያቂው ዛሬም አለ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ማነው ጠያቂው?»

«አርኑልፎ ነዋ። ሩዙን እዚህ አራግፎ ነበር የሚመለሰው። ከዚህ በታች አንድም ቀን አልፎ አያውቅም። ግን ከባሕሩ በኩል የሚመጡ ሾፌሮች ሲያርፉ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጥና ቢራ እየጋበዘ ይጠይቃቸዋል። የሞምፖስ ቤተ ክርስቲያን ቀለሙ ምንድን ነው? ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት በየት በኩል ነው? ወንዙ ባሕር ሲገባ ድምፅ አለው ወይ? አንዳንዱ ይሰለቸውና ከራሱ ፈጥሮ ይነግረዋል። እሱ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለእናቴ ነው ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አወራላታለሁ ይለኝ ነበር።»

ውሃው እጄ ላይ ሲፈስ ቆየ። ለሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ አይጠይቅም ብዬ የቀለድኩበት ሰው፣ ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ግን እንዲህ ያማረ አልነበረም። ከዚህ በታች ያለውን መንገድ ሦስታችንም አናውቀውም ማለት ነው።

ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ዶን አርኑልፎ በሹካ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ መስመር እያሰመሩ ነበር። «እዚህ ጋ ወንዙ ይሰፋል። እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል። ያለፍኩበት ጊዜ ውሃው እስከ ቤቶቹ ደጃፍ ደርሶ ነበር» ይላሉ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዶኛ ኤቬልያ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ቀና ብለው ልጃቸውን ያዳምጣሉ። እንደዚያ ሲያዳምጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ዓሣው ይቀዘቅዛል» አልኩ።

መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ኤል ባንኮ የምትባለውን የወንዝ ዳር ከተማ እንዳለፍን ዶን አርኑልፎ «ትልቁ መንገድ ይዞራል፤ እኛ እናቋርጣለን» ሲሉም መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። የገባንበት መንገድ አፈር ነው። ግራ ቀኙ የደረቀ ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው። ለጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ሙቀቱ የመኪናዋን በር የሚያስነካ አልነበረም። የያዝነው ውሃ ከቀትር በፊት አለቀ። ዶኛ ኤቬልያ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ሲያጉረመርሙ ነበር፤ በኋላ ማጉረምረሙን ተዉት። እጃቸውን ስይዘው እንደ ወረቀት ደርቋል። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ስላቸው ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ ከሞተች ብዙ ዓመት በሆናት እህታቸው ስም ጠሩኝ።

«ዶን አርኑልፎ፣ እማማ ደህና አይደሉም» አልኩ።

በመስታወቱ አዩአቸው። መኪናዋን አቆሙ። ፊት ለፊታችን መንገዱ ለሦስት ተከፍሏል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት አቧራ ናቸው። ወርደው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከጀርባቸው ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቆ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። ያኔ ነው ከሩቅ የሞተር ብስክሌት ድምፅ የሰማነው።

ዶን አርኑልፎ መንገዱ መሃል ገብተው ቆሙ። ብስክሌተኛው ከኋላው የዓሣ ሳጥን የጫነ ጎልማሳ ነው፤ እንዳይገጫቸው ፈርቶ አቧራውን አስነስቶ ቆመ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወንድሜ» አሉት፣ «መንገዱን አላውቀውም። እናቴ ታማብኛለች። ምራኝ።»

ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ሰውዬው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሳጥኑን ከፍቶ ከዓሣው ሥር በረዶ ዘገነ፤ በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በዶኛ ኤቬልያ ማጅራት ላይ አደረግሁላቸው። የራሱን ውሃም ሰጠን፤ በጠብታ በጠብታ አጠጣኋቸው። ከዚያ አርባ ደቂቃ ቀድሞን ነዳ። ዶን አርኑልፎ ከኋላው አሥር ሜትር ሳይርቁ፣ አቧራውን እየበሉ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተከተሉት። ሞምፖስ ከተማ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲያደርሰን ስሙን ጠየቅሁት። ኡባልዶ አለኝ። ዓሣው ሳይበላሽ ልድረስ ብሎ ሄደ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ግሉኮስ ሰቀሉላቸው። ሐኪሟ «ውሃ አልቆባቸው ነው፤ ይሻላቸዋል» አለችና ለዶን አርኑልፎ ደግሞ «አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ግን ይሄን አልልዎትም ነበር» አለቻቸው። እሳቸው «እሺ» አሉ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ዶኛ ኤቬልያ ተነሱ። ሞምፖስ ሰው ሁሉ ሲመሽ ተወዛዋዥ ወንበሩን አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ያረፍንበት ቤት ሴትዮም ሦስት ወንበር አወጣችልን። ወንዙ ከፊት ለፊታችን ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከጎን ትታያለች። ዶን አርኑልፎ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ሲያዟዙሩ ቆዩ።

«እማዬ፣ እኔ ከኦንዳ በታች መጥቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አሉ ዶኛ ኤቬልያ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንድ ቅዳሜ ይቺ ቤተ ክርስቲያን ቢጫ ናት አልከኝ። ሌላ ቅዳሜ ነጭ ናት አልከኝ። ደግሞ አንድ ጊዜ ተራራ ላይ ናት አልክ። ይኸው አገሩ ሜዳ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገርማ ማውራትህን ታቆም ነበር።» ወንበሩን አንዴ ወዘወዙት። «ወገቤ ሲቆረጥ፣ እጄን ሳሙናው ሲበላው፣ አንተ ስታወራ ነው ቅዳሜ የሚያልፍልኝ። ውሸት ይሁን እውነት እኔ ምን ቸገረኝ። ደግሞ ከአምስታችሁ መጥቶ አጠገቤ የሚቀመጥ ሌላ ማን ነበር?»

እኔም በዚያው ጥፋቴን ተናዘዝኩ፤ ከኦንዳ ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ሁለቱም አልሰሙኝም። እናትና ልጅ ወንዙን እያዩ ነበር።

ከወደብ ከተማዋ ከባራንኪያ ወዲያ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ውሃው መሃል የተሠራ ረጅም የድንጋይ ግድግዳ አለ። በአንድ ወገን ወንዙ ጭቃ መስሎ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ይመታል። ዶኛ ኤቬልያን በሁለት በኩል ይዘን ጫፉ ድረስ ሄድን። ቡናማውና ሰማያዊው የሚገናኙበትን መስመር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንት ሳሙና ነው እዚህ የመጣው» አሉ። ከዚያ ነፋሱ እንዳይወስደው ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና፣ «በቃኝ፤ እንሂድ» አሉን።

በመልሱ ዶን አርኑልፎ የመኪናዋን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ልንዳ አላልኩም፤ እሳቸው ናቸው ያቀበሉኝ። ጎኔ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። አንድ ቀን ተኩል ስለ መንገድ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ድልድይ ስናልፍ ማን እንደሠራው አልነገሩኝም። ጭነት መኪና ሲቀድመን ምን እንደጫነ ከጎማው አልገመቱም። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ እንኳ ዝም አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እባክህ አምላኬ ይሄን ሰው ዝም አሰኝልኝ ስል የኖርኩ ሴት፣ ጸሎቴ ሲሰማ መኪናዋ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ መገንጠያ ደረስን። ሰሌዳው የቤት በር ያክላል። ኦንዳ ወደ ቀኝ ይላል፤ ቀስትም አለው። ወደ ግራ የሚሄደው የከብት ኮቴ የሞላበት ጠባብ መንገድ ነው፤ የትም እንደሚያደርስ አልተጻፈበትም።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ዶን አርኑልፎ» አልኳቸው፣ «እኔ እንጃ፣ ተምታታብኝ። በየት በኩል ልያዝ?»

ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ። ባርኔጣቸውን ከጭናቸው አንስተው ደፉት፤ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ሰሌዳ የሚሰቅሉት ሰዎች ከቢሮ ወጥተው አያውቁም» አሉ። «ግራውን ያዢ።»

ዶኛ ኤቬልያ ከኋላ ብርቱካን እየላጡ ነበር። በትከሻዬ ላይ እጃቸውን አሳልፈው ግማሹን ሰጡኝ።

«ብይ ልጄ» አሉኝ፣ «ገና ሩቅ ነው።»

ብርቱካኑን ጎረስኩና ግራውን ያዝኩ።